«ያድግበታል» የት ይሠራል፣ የት አይሠራም? ለልጅ የሸራ ጀልባ ልብስና ዕቃ ስንገዛ

ልጄ የሸራ ጀልባ መማር ሲጀምር የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት በዌትሱት፣ ማለትም ገላ ላይ ተጣብቆ ከውሃ ብርድ በሚከላከል የጎማ ልብስ ነው። ሁለት ቁጥር የሚበልጠውን ገዛሁለት። ምክንያቱ የማይገባው ወላጅ የለም፤ ያድግበታል ብዬ ነው። እስኪያድግበት ድረስ ግን ጀልባዋ በተገለበጠች ቁጥር ቀዝቃዛው ውሃ በአንገቱ ገብቶ በቁርጭምጭሚቱ ይወጣ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይመለሳል። ልብሱ ልኩ የሆነ ጊዜ ደግሞ መቀመጫው ተልጦ አለቀ። ሁለት ጊዜ ከሰርኩ።

ለዚህ ስፖርት ዕቃ ሊገዛ የወጣ ሰው ዓይን አዋጅ ነው የሚሆንበት። ዌትሱት አለ፣ ውሃ ጨርሶ የማያስገባ ድራይሱት አለ። የሚነፋ ላይፍ ጃኬት አለ፣ የማይነፋ አለ። ጓንቱ፣ ጫማው፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም «የግድ» ይባላል። የግድ የሆነው ግን ትንሽ ነው። የቀረውን መዋስም፣ ሰልባጅ መግዛትም፣ ጭራሽ መተውም ይቻላል።

ከዋጋው በፊት

እኔ አሁን አንድ ዕቃ ሳይ አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ይህ ዕቃ ባይኖር ልጁ ይጎዳል ወይስ ትንሽ ይከፋዋል? የሚጎዳ ከሆነ ዋጋ አልከራከርም።

ሁለተኛ፣ ልኩ ካልሆነ ሥራውን ይሠራል? «ያድግበታል» የሚባለው ነገር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ሲሰፋ ምንም አይሆንም። አንዳንዱ ሲሰፋ ከነጭራሹ ዋጋ የለውም።

ሦስተኛ፣ ስንት ቀን ይለበሳል? ዋጋውን በሚለበስበት ቀን አካፍሉት። በሳምንት ሁለቴ ውሃ ላይ የሚውል ልጅ ውድ ልብስ ቢገዛለት ላይከብድ ይችላል። በዓመት አምስት ቀን ብቻ ለሚወጣ ልጅ ግን ርካሹም ውድ ነው።

አራተኛ፣ ሲጠበው ይሸጣል? ልጆች ዕቃውን ሳይጨርሱት ነው የሚያድጉት። ስለዚህ ከሌላ ልጅ የወረደ ጥሩ ዕቃ ማግኘት ቀላል ነው፣ የራሳችሁንም መልሶ መሸጥ እንዲሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የምትገዙት ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ሙቀት ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት የሚወስደው ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ነው። ፀሐይ ሞቅ ባለበት ቀን ውሃው ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። ልጅ ደግሞ ከአዋቂ ቶሎ ይበርደዋል፤ ሰውነቱ ትንሽ ነው፣ ከብርድ የሚሸፍነው ስብም ብዙ የለውም።

መንሳፈፊያው፦ አዲስ የምገዛው ብቸኛ ዕቃ

እዚህ ላይ ሦስት አማራጭ አለ፤ ሰው በጣም የሚያምታታውም ይህ ነው።

የመጀመሪያው በፎም የተሞላ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ነው። 50 የሚል ደረጃ ተጽፎበታል። ቁጥሩ ኒውተን ነው፤ 10 ኒውተን 1 ኪሎ ገደማ ያነሳል። 50 ኒውተን የሚያነሳው የትልቅ ሰው መጠኑ ነው። በልጅ መጠን የተሠራው ያው ደረጃ 50 ቢባልም ከዚያ ያነሰ ኃይል አለው፤ ስንት ኪሎ ለሚመዝን ልጅ እንደሚሆን መለያው ላይ ተጽፏል። ይህ ሰደርያ መዋኘት ለሚችል፣ እርዳታ ቅርብ ላለው ሰው የተዘጋጀ ነው። ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ አያዞርም።

ሁለተኛው 100 ደረጃ ያለው ላይፍ ጃኬት ነው። እሱም ፎም ነው፣ ግን ከአንገት ጀርባ ትራስ የሚመስል ኮሌታ አለው። ራሱን የሳተን ሰው በጀርባው ሊገለብጥ ታስቦ ነው የተሠራው። መጥፎ ጎኑ ግዝፈቱ ነው። ልጁ አንገቱን እንደልብ አያዞርም፣ በሸራው ስር ጎንበስ ብሎ ከወዲያ ወደዚህ ሲያልፍም ይይዘዋል።

ሦስተኛው በጋዝ የሚነፋው፣ 150 ደረጃ ያለው ነው። ትልልቅ ጀልባ ላይ ላለ አዋቂ ድንቅ ዕቃ ነው። ለትንሽ የሸራ ጀልባ ግን አይሆንም። ትንሽ ጀልባ መገልበጡ የትምህርቱ አካል ነው፤ በአንድ ከሰዓት አምስቴ ሊገለበጥ ይችላል። ውሃ ሲነካው ራሱን የሚነፋ ከሆነ በመጀመሪያው ግልበጣ ፊኛ ይሆናል። ልጁ ሸራ ስር ከሆነ ጠልቆ መውጣት ይቸግረዋል። ከዚያ ደግሞ አዲስ የጋዝ ካርትሪጅ ግዙ ይባላል። ውዱን ገዝቶ የባሰውን ማግኘት ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ መዋኘት ለሚችልና የነፍስ አድን ጀልባ አጠገቡ ላለ ልጅ 50ው ይበቃል። ገና መዋኘት ለማይችል ወይም በጣም ትንሽ ለሆነ ልጅ 100ውን ያዙ።

«ያድግበታል» እዚህ ጨርሶ አይሠራም። ልኩን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አጥብቁ፣ ልጁ እጁን ወደ ላይ ያንሳ፣ እናንተ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ሰደርያው ወጥቶ አገጩን ወይም ጆሮውን ከነካ ሰፊ ነው። ውሃ ውስጥም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሰደርያው ይንሳፈፋል፣ ልጁ ከስሩ ይቀራል። ለትንንሾቹ በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለውን ምረጡ። ፊት ለፊቱ ላይ ኪስና ዘለበት የበዛበትን ደግሞ ተውት፤ ገመድ ይይዛል።

ያገለገለ ከሆነስ? ፎም ያረጃል። ጠንክሮ እንደ ብስኩት የሚሰበር፣ የሳሳ ወይም የተጨማደደ ከሆነ አትንኩት። መለያው የማይነበበውንም እንዲሁ። ጨርቁ ፀሐይ በልቶት ከደበዘዘ ስፌቱም ደክሟል። ልጆች ደግሞ ውሃው ዳር ላይ ሰደርያቸውን እንደ ትራስ ይቀመጡበታል፤ ፎሙን የሚገድለው ይህ ነው። የቀደመው ባለቤት ተቀምጦበት እንደሆነ ማን ያውቃል? ስለዚህ ይህንን አዲስ እገዛለሁ። ቀለሙ ብርቱካናማ፣ ሮዝ ወይም ቢጫ ይሁን። ሰማያዊና ነጭ ማዕበል መሃል አይለይም።

ልብሱ፦ ገንዘቡ የሚፈስበት ቦታ

ዌትሱት ከኒዮፕሪን ይሠራል፤ በጥቃቅን አረፋ የተሞላ ጎማ ነው። ውሃ ይገባበታል፤ ግን ጥቂት ገብቶ ይቀመጣል፣ ሰውነት ያሞቀዋል። የሚሠራው ገላ ላይ ሲጣበቅ ብቻ ነው። ከሰፋ ውሃው ይለዋወጣል፣ ሰውነትም አዲስ የገባውን ውሃ ሲያሞቅ ይውላል። የኔ ልጅ ላይ የደረሰው ይህ ነው።

*አጭሩ ዌትሱት።* እስከ ጉልበትና እስከ ክርን የሚደርስ ነው። ውሃው 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ይበቃል። ርካሽ ነው፣ ለዋናም ይሆናል። ነፋስ ሲነሳ ግን ባዶው እግር ይበርደዋል፤ ጉልበትም በጀልባዋ ሻካራ ወለል ይላጣል።

*እጅጌ የሌለው ረጅሙ።* ቱታ ይመስላል፤ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ ክንዱ ባዶ ነው። ትከሻው ላይ ብዙ ጊዜ የሚላላና የሚጠብቅ ማሰሪያ አለው። አንድ ብቻ ግዙ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። ልጅ ሲያድግ መጀመሪያ የሚጠበው እጅጌና ትከሻ ነው፤ ይህ ልብስ ደግሞ እጅጌ የለውም። እግሩ ትንሽ ቢያጥር ጫማው ይሸፍነዋል። እንዲህ ሆኖ አንድ ወቅት ተጨማሪ ያስለብሳል። ሲሞቅ ብቻውን ይለበሳል። ሲበርድ ከውስጥ ስስ ሹራብ፣ ከላይ ውሃና ነፋስ የሚከላከል ጃኬት ይደረብበታል።

ያ ጃኬት ደግሞ «ያድግበታል» በትክክል የሚሠራበት ዕቃ ነው። የእጁ አንጓና ወገቡ ላይ በቬልክሮ ይጠብቃል። ሰፊ ቢሆን ምንም አይል። አንድ ቁጥር አስበልጣችሁ ግዙ። ብቻ ኮፍያ ያለውን አትግዙ፤ ኮፍያው ገመድ ውስጥ ይገባል፣ ውሃም ይቀዳል።

*ሙሉው ዌትሱት።* እጅጌም አለው። ብዙ ጊዜ 3/2 ወይም 4/3 ተብሎ ይጻፍበታል፤ የመጀመሪያው ቁጥር የደረቱ፣ ሁለተኛው የእጅና የእግሩ ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው። ከእጅጌ አልባው ይሞቃል። ግን ትከሻው ሲጠብ ልጁ ገመድ መሳብ ይደክመዋል፣ እናም ቶሎ ይጠበዋል። ስትገዙ ስፌቱን ከውስጥ ገልብጣችሁ እዩ። ክሩ በሁለቱም በኩል ከታየ መርፌው ጎማውን በስቶታል፣ በቀዳዳው ውሃ ይገባል። በአንድ ወገን ብቻ ከታየ ተጣብቆ ሳይበሳ የተሰፋ ነው፤ ይሞቃል፣ ይወደዳልም።

ለማዕበል ተንሸራታቾች የተሠራ ዌትሱት ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል፣ ይለጠጣልም። ያገለግላል። ጎደሎው መቀመጫውና ጉልበቱ ያልተጠናከረ መሆኑ ነው። የጀልባዋ ወለል እንዳያንሸራትት ተብሎ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው የሚሠራው፤ ጎማ ይበላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከላይ አሮጌ ቁምጣ ይልበስበት። መልኩ አያምርም። ልጄ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፣ በኋላ ግማሹ ክፍል እንደሱ ለበሰ።

*ድራይሱት።* ውሃ ጨርሶ አያስገባም። አንገትና አንጓ ላይ በጎማ ይዘጋል። ግን ብዙ ሰው አንድ ነገር ይስታል፦ ድራይሱት ራሱ አያሞቅም። የሚያሞቀው ከውስጥ የተለበሰው ሹራብ ነው። ጥጥ አይሁን፤ ጥጥ ላብና ውሃ ይዞ ይበርዳል። ገላው ሰፋ ቢል ችግር የለውም፤ ታዲያ «ያድግበታል» እዚህ በከፊል ይሠራል። አንገቱና አንጓው ግን ልኩ መሆን አለበት። ሲለበስም ልጁ ቁጢጥ ብሎ አንገቱን ከፈት አድርጎ አየሩን ያስወጣ፤ ካልሆነ ሲገለበጥ አየሩ ወደ እግሩ ሄዶ እግሩን ወደ ላይ ያንሳፍፈዋል።

ውድ ነው። የአንገቱ ጎማ በፀሐይና በፀሐይ ክሬም ይበሰብሳል፣ ይቀየራል። ዚፑ ከተበላሸ ጥገናው ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ወቅት ጭምር አዘውትሮ ለሚወጣ ልጅ ይገባዋል። ለሌላው ቅንጦት ነው። ያገለገለ ካገኛችሁ አንገቱንና አንጓውን አስራችሁ አየር ሙሉበት፣ የሳሙና ውሃ ቀቡት። አረፋ የሚያወጣው ቦታ ቀዳዳ ነው።

የቀረው በአጭሩ

ጫማ ያስፈልጋል፤ ባዶ እግር ድንጋይና ዛጎል ላይ አይሆንም። ልጆቹ እግራቸውን ወለሉ ላይ ካለው ቀበቶ ስር አስገብተው ወደ ኋላ ሲንጋለሉም የእግራቸው የላይኛው ገጽ ይታሻል። የኒዮፕሪን ጫማ ከሆነ ያለ ዚፕ ያለውን እመርጣለሁ፤ ዚፑ አሸዋ ሲገባው ቀድሞ የሚሞት እሱ ነው። የሰፋ ጫማ ውሃ ሞልቶ ይወልቃል፤ በወፍራም ካልሲ የሚሞላ ትንሽ ክፍተት ግን አይጎዳም። ውሃው ሞቃት ከሆነ አሮጌ ሸራ ጫማ ይበቃል። ማሰሪያው ወደ ውስጥ ይሸጎጥ።

ጓንት ለጀማሪ ተዉት። ገመድ ማሰር ገና ለሚማር ጣት እንቅፋት ነው። ብርድ ካስቸገረ መዳፉ ጎማ የተቀባ የአትክልተኛ ጓንት ሥራውን ይሠራል።

የራስ መከላከያ ቆብ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ የሸራው የታችኛው አግዳሚ ነፋስ ሲዞር ድንገት ይመጣል። ኢኤን 1385 የሚል የአውሮፓ ደረጃ ያለው የውሃ ስፖርት ቆብ ፈልጉ። የብስክሌቱን አታምጡ፤ እሱ ለአንድ ኃይለኛ ምት የተሠራ ነው። የሚማሩበት ቦታ ቆብ የሚያውስ ከሆነ ምንም አትግዙ።

ሰዓት ለውድድር ነው። የውድድር አጀማመር በ5፣ በ4፣ በ1 ደቂቃ እና በመነሻው ምልክት ይሄዳል። ወደ ኋላ የሚቆጥር ማንኛውም ርካሽ ዲጂታል ሰዓት ይበቃል። «የመርከበኛ ሰዓት» የሚለው ስም ዋጋ እንጂ ደቂቃ አይጨምርም።

ለፀሐይ ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ሹራብ ከክሬም ይረክሳል። 50 የሚል የፀሐይ ደረጃ ካለው የሚያሳልፈው ጎጂ ጨረር 2 በመቶ ብቻ ነው። ባርኔጣው ከአንገት ጋር በክር ይታሰር፤ ካልሆነ ገንዘባችሁን ነፋስ ይወስደዋል።

ጀልባዋስ?

መጀመሪያ አትግዙ። ልጆች የሚማሩት በማሠልጠኛው ጀልባ ነው። ልጁ አንድ ሙሉ ወቅት ሳይሰለቸው ከቆየ ያኔ ይታሰባል።

ለትንንሾች በብዙ አገር የሚታወቀው ኦፕቲሚስት ነው። በ1947 ክላርክ ሚልስ ፍሎሪዳ ውስጥ ነደፈው። ርዝመቱ 2.3 ሜትር ገደማ፣ ባዶ አካሉ 35 ኪሎ ነው። ውድድሩ ከ15 ዓመት በላይ አይፈቅድም፤ ከዚያ በፊት የሚከብደውም ብዙ ልጅ አለ። ስለዚህ አዲስ መግዛት ብዙም ስሜት አይሰጥም። ያገለገለ ግዙ፣ ስትጨርሱ ሽጡት። ስታዩት በውስጡ ያሉት ሦስት የአየር ቦርሳዎች አየር መያዛቸውን አረጋግጡ። ምሰሶው የሚቆምበትን ቦታና ወደ ውሃው የሚወርደው ሳንቃ የሚገባበትን ሳጥን ለስንጥቅ መርምሩ።

ለትልልቆቹ ኢልካ አለ፤ ቀድሞ ሌዘር ይባል የነበረው ነው። «ያድግበታል» ከየትኛውም ዕቃ በላይ የሚያምረው እዚህ ላይ ነው። የጀልባዋ አካል አንድ ነው፤ የሚለወጠው ሸራውና የምሰሶው የታችኛው ክፍል ነው። ኢልካ 4 ሸራው 4.7 ካሬ ሜትር፣ ኢልካ 6 ሸራው 5.76፣ ኢልካ 7 ደግሞ 7.06 ነው። ልጁ ሲከብድ ጀልባ አትለውጡም። ያገለገለ ስትገዙ ምሰሶው የሚገባበትን ጉድጓድ ውሃ ሙሉትና ጠብቁ። ውሃው ከጎደለ ጀልባዋ ከውስጥ ታፈሳለች። ወለሉን በእጃችሁ ተጫኑ፤ እንደ ስፖንጅ የሚሰረጉድ ቦታ ካለ ተመለሱ።

ለልምምድ ከታወቀው አምራች ውጭ የተሠራ ርካሽ ሸራ መጠቀም ይቻላል። ለኢልካ ውድድር ግን አይፈቀድም። የሚወዳደር ልጅ ካላችሁ ጥሩውን ሸራ ለውድድር ቀን አስቀምጡ፣ በርካሹ ይለማመድ።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| ዕቃ | ለጀማሪ የሚሻለው | ያገለገለ ይገዛል? | ያድግበታል? |
|---|---|---|---|
| መንሳፈፊያ | የፎም ሰደርያ፣ ደረጃ 50፤ ለማይዋኝ 100 | ባይሆን ይሻላል | በፍጹም |
| ዌትሱት | እጅጌ አልባው ረጅሙ | አዎ፣ መቀመጫውን አይታችሁ | አይ |
| የውሃ መከላከያ ጃኬት | ቀለል ያለ፣ ኮፍያ የሌለው | አዎ | አዎ፣ አንድ ቁጥር |
| ድራይሱት | አያስፈልግም | አዎ፣ በሳሙና ውሃ ፈትሻችሁ | ገላው አዎ፣ አንገቱ አይ |
| ጫማ | ዚፕ የሌለው | አዎ | በካልሲ የሚሞላ ያህል |
| ጓንት | ተዉት | – | – |
| የራስ ቆብ | ከማሠልጠኛው መዋስ | አይ፣ ምት ቀምሶ ሊሆን ይችላል | የሚስተካከል ከሆነ |
| ሰዓት | ርካሽ ዲጂታል | አዎ | አዎ |
| ጀልባ | የማሠልጠኛው | አዎ | ኢልካ አዎ፣ ኦፕቲሚስት ለጥቂት ዓመት |

ለማን ምን?

ልጁ ገና ሊሞክር ከሆነ ምንም አትግዙ። ሰደርያውንና ዌትሱቱን ተዋሱ። የራሱ የሚሆነው አሮጌ ጫማ፣ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ሹራብ ብቻ ነው።

በየሳምንቱ የሚወጣ ከሆነ ገንዘቡን በዚህ ቅደም ተከተል አውጡ፦ አዲስ ሰደርያ፣ ሰልባጅ ዌትሱት፣ አዲስም ሆነ ሰልባጅ ጃኬት፣ ከዚያ ጫማ። በጀቱ ጃኬቱ ላይ ካለቀ ይለቅ፤ ጫማው በአሮጌ ሸራ ጫማ ይሸፈናል።

ክረምት ከበጋ የሚወጣ ከሆነ ድራይሱት የሚያዋጣው እዚህ ነው። ግን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ብርዳማ ወቅት በሙሉው ዌትሱትና በጃኬት ይሞክር። ብዙ ልጅ ውሃው ሲቀዘቅዝ ፍላጎቱም አብሮ ይቀዘቅዛል።

ውድድር የጀመረ ልጅ ካላችሁ ከልብስ በፊት ለገመድና ለሸራ አስቡ። ያለቀ ገመድ የሚይዝ ልጅ በአዲስ ልብስ አይፈጥንም።

ሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች ካሏችሁ ስሌቱ ይለወጣል። ለታላቁ ጠንከር ያለውን ግዙ፤ ሦስት ልጅ የሚለብሰው ዌትሱት ውድ አይባልም። ግን እንዲደርስ መያዝ አለበት። ከውሃ ሲወጣ በንጹህ ውሃ ይታጠብ፣ ተገልብጦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ኒዮፕሪን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በቀጭን ሽቦ መስቀያ አትስቀሉት፤ ትከሻው ይቆረጣል።

ሁሉም ዌትሱት ጥቁር ስለሆነ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ መለየት አይቻልም። እኛ ከዕድገት ይልቅ በመጥፋት ነው ብዙ ዕቃ የከሰርነው። ከውስጥ በማይለቅ ቀለም ስም ጻፉበት። የልጁን ሳይሆን የአባቱን ስም ጻፉ፤ ለታናሹ ሲወርድ መሰረዝ አይኖርባችሁም።